ቀለሙ አምሮ፣ ውስጡን ለቄስ

ከሞጆ ተነስቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚወርደው አውራ ጎዳና ቡልቡላ ሲደርስ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ደግሞ ሾፌር ያዘናጋል። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪ፣ ወደ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚታጠፍ ከባድ መኪና ሁሉም የሚሻሙት አንድ አስፋልት ነው። ስለ ግጭቱ ብዙ ተብሏል። እኔ ልመክር የፈለግሁት ተጋጭቶ፣ ተጠግኖ፣ ደህና ነው ተብሎ እዚሁ መንገድ ላይ ስለሚመለሰው መኪና ነው።

የተጋጨ መኪና ጋራዥ ያስገባ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ይፈጃል? ቀለሙስ ከድሮው ጋር ይመሳሰላል? ባትላሜራው ኮፈኑን ያቀናል፣ ፓራፋንጎው ይቀየራል፣ ቀለም ቀቢው ያብረቀርቀዋል፤ ባለቤቱም ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ተደስቶ ይከፍላል። ባቱን ሳያልፍ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። መካኒኩ ጋ ሲደውል መልሱ «ይለመዳል» ነው። አትልመዱት። ሰው የለመደው ጉድለት መጠገኑ ይቀራል።

የመሪ ችግር ምንጩን ራሱ ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ከተገኘ። መጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስለኩ፤ በአንድ ጎማ ንፋስ ማነስ የተነሳ ስንት ጤነኛ ዕቃ ተፈትቷል! ከዚያ ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ በዝግታ ነድታችሁ፣ እጃችሁን ከመሪው ሳታርቁ ላላ አድርጋችሁ ያዙት። መንገዶቻችን የዝናቡ ውኃ እንዲወርድ ወደ ዳር ዘመም ተደርገው ይሠራሉ፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አያስደነግጥም። ወደ ግራ ከሳበ፣ ወይም ወደ ቀኝ በኃይል ከጎተተ ግን ነገር አለ። ጎሚስታው የፊቱን ሁለት ጎማዎች ግራና ቀኝ ያቀያይራቸው። ስበቱ አብሮ አቅጣጫ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልቀየረ ወደ ብረቱ እንሄዳለን።

የሚስበው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የሚታየው ፍሬኑ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ጠማማ ከቆመ የመሪው ዘንግ ታጥፏል፣ ወይም አላይመንት የሠራው ሰው አንዱን ወገን ብቻ ነክቷል፣ አለዚያም የኋላው አክስል ከቦታው ተናግቷል። ከጠመዝማዛ ስትወጡ መሪው በራሱ ካልተመለሰ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከጠጠረ፣ ምቱ የመሪውን ጥርስ ቤት ወይም የሾኩን የላይኛውን መቀመጫ አግኝቶታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲነካ መኪናው በድንገት ወደ ጎን የሚዘል ከሆነ የመሪው ማሰሪያ ከፍታው ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ይኸኛው ክፉ ነው፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ አይታይምና።

በግጭት ከሚመጣው ሁሉ የሚበዛው ጎማው ወደ ኋላ መገፋቱ ይመስለኛል። ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ብራቾ ጥቂት ሲታጠፍ ዓይን አያየውም፤ መኪናው ግን ወደ ተመታው ወገን መሳብ ይጀምራል። ቡልቡላ ላይ የአላይመንት ማሽን ፍለጋ አትድከሙ፤ ሜትር ይበቃል። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በግራም በቀኝም ለኩ። የተመታው ወገን ካጠረ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ከመኪናው ሥር ደግሞ በሻንሲው ላይ ካሉት ጥንድ ቀዳዳዎች መስቀለኛ ይለካ፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ራሱ ተጣሟል።

ማሽኑም ቢሆን ይታለላል። አላይመንት ሠሪው የመሪውን ዘንግ አስረዝሞና አሳጥሮ መሪውን ቀጥ ያደርግላችኋል፤ የታጠፈው ብራቾ ግን እዚያው ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ ትናንሽ መኪኖች የጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማዘንበል እምብዛም የሚስተካከል አይደለም፤ «አልስተካከል አለ» ከተባላችሁ የተጣመመ ዕቃ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካውን ወረቀት ጠይቁ፤ ግራና ቀኙን አስተያዩ።

አንተ ወንድሜ መካኒክ፣ ቃሌ ላንተም ነው። የታጠፈ የመሪ ዘንግ፣ ብራቾ ወይም ቴስቲና በእሳት አግለህ በመዶሻ አታቅና። ያ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ሙቀት ነው፤ ስታግለው ታለዝበዋለህ፣ አንድ ቀንም ይበጠሳል። ዕቃው ተወዷል፣ ደንበኛው ገንዘብ የለኝም ብሏል፤ እናውቃለን። እንግዲያው መኪናው ይቁም። «አልችልም» ብሎ ሥራ መመለስ አያሳፍርም።

ገንዘቡ ነው ብዙ ነገር የሚያበላሸው። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው በእኛ መኪና የተጎዳውን ሌላውን ሰው ነው፤ የራሳችንን መኪና አያስጠግንም። ሙሉ ዋስትና የሌለው ከኪሱ ያወጣል፤ ከኪሱ የሚያወጣ ደግሞ ዓይን ከሚያየው ይጀምራል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እላለሁ፦ መሪውና ፍሬኑ ይቅደም፣ ፓራፋንጎው ሰርጉዶ ይቆይ። ሙሉ ዋስትና ያላችሁ፣ መኪናውን ሳትነዱ የርክክብ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። በመጀመሪያው ግምት ያልታየ ጉዳት ሲፈታ ከተገኘ፣ ሥራው ሳይቀጥል ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ይነገር።

ለሽያጭ የሚቀርበውም መኪና እንዲሁ ነው። ተጋጭቶ እንደነበር ለገዢ መንገር ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ መደበቁ ግን የሰው ነፍስ ያስከፍላል። የገዛው ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ከሞጆ ወደ ባቱ በተዘረጋው ፈጣን መንገድ ይወጣበታል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ትወስዳለች፤ በዚያች ሰከንድ የተበጠሰ የመሪ ዘንግ ጎበዝ ሾፌር አያድነውም። የሚኒባስ ባለንብረቶች፣ ዓመታዊው ምርመራ አልፏል ብላችሁ አትተማመኑ። የተመረመረው የዚያን ቀን መኪና ነው፤ የተጋጨው ከዚያ በኋላ ነው።

መኪናችሁን በዚህ ሳምንት ከጋራዥ የምታወጡ ሰዎች፦ መካኒኩን አጠገባችሁ አስቀምጡት፣ ቀጥ ያለውንም ጉብታ ያለበትንም መንገድ ንዱ፣ ፍሬን ያዙ፣ ጠምዝዙ፤ ሂሳቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።