ለብየዳ ቤት ወጣት፦ ከማሽኑ በፊት ሳንባህን

ልጄ፣ ሚዛን አማን ወይም ቴፒ መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ብትከፍትም፣ ሸኮ ጓሮህ ውስጥ በአንድ ግራይንደር ብትጀምርም፣ ስለ ዝገት ለአንተ አይነገርም። አገሩ ዝናብ አይለየውም። የቡና መፈልፈያው፣ የባጃጁ ቻሲስ፣ የግቢው በር ሁሉ እየዛገ አንተ ዘንድ ይመጣል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ ውለህ ጥጉ ውስጥ የተደበቀው ዝገት አልወጣ ሲልህ፣ በኤር ግፊት ደቃቅ ነገር ረጭቶ ብረቱን የሚያነጣው መሣሪያ ያምርሃል። መመኘትህ ልክ ነው፤ አገዛዙን ግን ስማኝ።

መጀመሪያ የምትረጨውን ምረጥ፣ ማሽኑ በኋላ ይደርሳል። የወንዝ አሸዋ ቅርብም ርካሽም ነው፤ እሱን ለግንባታ ተወው። አሸዋ በብዛት ኳርትዝ ስለሆነ ብረት ላይ ሲመታ ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣዋል፤ ብናኙም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሳንባ ነቀርሳንም ይጋብዛል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ብረታ ብረትን በአሸዋ መርጨት ከልክላለች። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ጂንስ ለማደብዘዝ አሸዋ ይረጩ የነበሩ ወጣቶች በዚሁ በሽታ ከሞቱ በኋላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ታግዷል። በአፍንጫ ላይ የምታስረው ሻሽ ይህን ብናኝ አያቆመውም።

ለጠንካራ ብረት የሚሻልህ አልሙኒየም ኦክሳይድ ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም እያጣራህ ደጋግመህ ትረጨዋለህ። ቁጥሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀቱ ነው፤ ሲበዛ ይልማል፣ ለዝገትና ለቀለም ከ60 እስከ 80 ያለው ይበቃል። ጋርኔትም ጥሩ ነው። ለስላሳ ገጽ ስትፈልግ የመስታወት ዶቃ ውሰድ። የብረት ፍርፋሪ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን በእኛ እርጥበት ራሱ ይዝጋል፣ አልሙኒየምና ስቴንለስ ላይ ከተረጨም የዝገት ዘር ትቶ ይሄዳል።

ቀጥሎ ኮምፕረሰሩ። ጎሚስታው ቤት ያየኸው ኮምፕረሰር ጎማ ሲነፋ ጀግና ስለሆነ ለዚህም ይሆናል አትበል። ጎማ ለአፍታ ተነፍቶ ያበቃል፤ ይህ ሥራ ግን ያለማቋረጥ ኤር ይጠጣል። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው የመርጫው አፍንጫ በ6 ባር አካባቢ በደቂቃ ወደ 500 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰር የሚሰጥህ ከ200 ብዙም አይበልጥም። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 5 እስኪወርድ የሚለቅልህ ኤር 150 ሊትር ነው። የሚጎድልህ በደቂቃ 300 ከሆነ፣ ግማሽ ደቂቃ ረጭተህ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ ማለት ነው። ቁም ነገር ለመሥራት ከ5 የፈረስ ጉልበት አታሳንስ፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስሪ ፌዝ መብራት ይጠይቃልና ከመግዛትህ በፊት ቤትህ የገባውን መስመር አረጋግጥ። መርካቶ ስትገዛ መለያው ላይ የተጻፈውን አትመን፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ማሽኑ የሚስበው ኤር ነው፣ የሚያወጣው ከዚያ ያንሳል። አፍንጫውም እየተበላ ይሰፋል፤ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው 4 ሲሆን የኤር ፍላጎቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ማሽኑ ደከመ ከማለትህ በፊት አፍንጫውን ለካ።

እርጥብ ኤር የምትረጨውን አጓጉሎ ቱቦውን ይዘጋል። ስለዚህ ውሃውን ከኤሩ የሚለይ ማጣሪያ ግዛ፤ ታንኩን ከታች ከፍተህ በየቀኑ አፍስስ። ጤዛ ሳይነሳ አትጀምር። የነጣውን ብረት በባዶ እጅህ አትንካ፤ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀባው። አሳድሬ እቀባለሁ ካልክ ጠዋት ዝጎ ታገኘዋለህ።

ካቢኔቱን ራስህ መሥራት ትችላለህ። የላሜራ ሣጥን፣ የመስታወት መስኮት፣ ክንድ የሚያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች ከረጅም የጎማ ጓንት ጋር፣ ከታች ወንፊትና ማንቆርቆሪያ፣ ከጎን ብናኝ የሚስብ መምጠጫ። በዚህ ውስጥ የሚሠራው በመሳብ የሚረጨው ዓይነት ነው፤ ዝግተኛ ቢሆንም ለጀማሪ ይበቃዋል። በግፊት የሚሠራው ታንክ ይፈጥናል፤ እሱን ግን ተሠርቶ የተፈተነውን ግዛ እንጂ ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር በይጄ አወጣዋለሁ አትበል። ሲፈነዳ ለበያጁ አያዝንም። በካቢኔትም ብትሠራ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ አድርግ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል የሥራ ልብስህን ከልጆች ልብስ ጋር አታሳጥብ።

ሁሉ ብረት አይረጭም። የመፈልፈያው የብረት አካል ይችለዋል፤ ፍሬውን የሚልጠው የመዳብ ገጽ ግን ጥርሱ ይበላል። ኩሽኔታ የሚቀመጥበትንና ዘንጉን በወፍራም ፕላስተር ሸፍን። ስስ ላሜራ በከፍተኛ ግፊት ይጣመማል፤ እሱን በ2 ወይም በ3 ባር፣ ራቅ ብለህ፣ አንድ ቦታ ሳትቆም እርጭ።

ሥራህ ገና ጥቂት ከሆነ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትግባ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ባለሙያዎች ዕቁብ ጥላችሁ አንዱን ማሽን በጋራ ብትይዙ ይሻላል፤ መፈልፈያዎች ሥራ ፈትተው በሚቆሙበት ወራት ሁላችሁንም ያበላል። ገንዘብህ ለኮምፕረሰሩ በቅቶ ለካቢኔቱና ለማስኩ ካነሰ ግን ገና አልሞላልህም። እስኪሞላልህ በሽቦ ብሩሽ ሥራ።