ጥፋቱ የማን ነው?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱን ወይ ለእሱ ወይ ለወላጆቹ ሊሰጡት ፈለጉ። ክርስቶስ ሁለቱንም አልተቀበለም። ባዮኬሚስትሪ ሳስተምር ሲክል ሴል ላይ ስደርስ ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል። ከእናትም ከአባትም የሚወረስ በሽታ ነውና ወቀሳ ቶሎ ይመጣል። በናይጄሪያ ኢግቦዎች ዘንድ፣ እየተወለዱ የሚሞቱ ልጆች፣ ምናልባትም በዚሁ በሽታ የሞቱት ጭምር፣ እናታቸውን ለማሰቃየት የሚመላለሱ መናፍስት፣ ኦግባንጄ፣ ይባሉ ነበር።

ቨርነን ኢንግራም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካምብሪጅ ውስጥ በሽታውን የሚያመጣውን ልዩነት አገኘው፦ ኦክስጅን በሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲዱ በቫሊን ተተክቷል። ተማሪዎቼ ይህን ሸምድደው ይመጣሉ። እኔ ግን የፕሮቲኑን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እከፍትና 6ኛውን ቦታ ቀይ ቀለም ሰጥቼ አሽከረክረዋለሁ። ቦታው ውጭ፣ ገጹ ላይ ነው፤ ኦክስጅን ከሚያዝበት ብረት ይርቃል። ሞለኪውሉ ኦክስጅኑን ተሸክሞ ያደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው ካስረከበ በኋላ ነው። ቅርጹ ሲለወጥ 85ኛውና 88ኛው አሚኖ አሲድ ዘንድ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይከፈታል፤ ከውሃ የሚሸሸው ቫሊን ሄዶ የጎረቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይሰካል። አንዱ በሌላው እየተሰካ ረጅም ክር ይሆንና ቀዩን የደም ሴል ከውስጥ ገፍቶ ማጭድ ያስመስለዋል።

ታዲያ ክፋቱ የቱ ጋ ነው? ቫሊን መርዝ አይደለም፤ በዚያው ሰንሰለት ሌሎች ቦታዎችም አለ። ጉድጓዱም በእኔ ደም ውስጥ ይከፈታል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዳቱ። ደግሞም ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ አንቶኒ አሊሰን በ1954 (እ.ኤ.አ.) ከምሥራቅ አፍሪካ ያሳየው ይህንን ነው። የታማሚ ልጅ እናት በሕፃንነቷ ከወባ የተረፈችው ልጇን በሚያሳምመው በዚሁ ለውጥ ሊሆን ይችላል። እርግማን ልለው አልደፍርም። ሕመሙ ሲነሳበት እግሩን አቅፎ የሚጮኸውን ልጅ እያሰብኩም በረከት አልለውም። እግዚአብሔር ለምን እንደፈቀደ ቅርጹ አይነግረኝም፤ እናቲቱ ላይ ጣት የሚቀስር ሰው ግን እውነት እንዳልያዘ ያሳየኛል።

ክርስቶስ ያን ሰው ምክንያት አስረድቶ አልተወውም፤ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል የቆየ መድኃኒት አለ፤ በክሩ ውስጥ በቀላሉ የማይገባውን የጽንስ ሄሞግሎቢን ከፍ ያደርጋል። ከሰሃራ በታች ግን ብዙ ሕፃናት አያገኙትም። እዚህ ላይ በእርግጥ ጥፋት አለ፤ በጀት የሚመድቡ፣ መድኃኒት የሚገዙና ይህን እያወቅን ዝም የምንል ሰዎች ጥፋት።