ቁራው፣ ኮምፒዩተሩና የአደም ልጅ



እ.ኤ.አ. በ2002 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤቲ ያሏት ቁራ ቀጥ ያለ ሽቦ በመንቆሯ ቆልምማ፣ መንጠቆ አበጅታ፣ ምግቧን ከቱቦ ውስጥ ማውጣቷን አሳወቁ። ብዙዎች ተገረሙ። ሱረቱል ማኢዳህን ለቀራ ሙስሊም ግን የቁራ መምህርነት እንግዳ ነገር አይደለም። ወንድሙን የገደለው ቃቢል ሬሳውን እንዴት እንደሚሸሽግ የተማረው መሬት ከሚጭር ቁራ ነውና።

በ1997 ደግሞ ዲፕ ብሉ የተባለ ኮምፒዩተር የዓለሙን የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። «እንግዲህ የሰው ክብሩ ምኑ ላይ ነው?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ክብራችን በስሌት ብልጫ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባስጨነቀን ነበር። ቃቢል እኮ በብልሃት ከቁራው አንሶ ተገኝቷል፤ ስለ ሃቢል ደም የሚጠየቀው ግን እርሱ እንጂ ቁራው አይደለም።

ዛሬ የጦር ዒላማ የሚጠቁሙ ኮምፒዩተሮች ተሠርተዋል። ተኩሶ የገደለው ሰው «የመረጠው ማሽኑ ነው» የሚለውን መልስ ነገ አላህ ፊት ይዞ ሊቆም ነውን?