ስለ ተሰወረው ጥገና

በመኪና ጥገና ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሕሊናን የሚፈትነው ባለቤቱ አይቶ ሊፈርድበት የማይችለው ክፍል ነው። የተሰበረ መስተዋት ቢለወጥ ባለገንዘቡ ራሱ ዳኛ ነው፤ ከሻንሲው ሥር የተዘረጋች ቀጭን የብረት ቧንቧ ግን ከጠጋኙ በቀር ምስክር የላትም። ስለዚህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፥ በአንጋጫም ሆነ በዶዮገና፥ አሮጌ ካሚዮን በሚታደስበት ጋራዥ ሁሉ አንድ ጥያቄ አይታጣም፤ ያረጀውን ክፍል ሳይለውጡ ጠጋግኖ መልቀቅ ኃጢአት ነውን? ወይስ ለድኻው ባለንብረት የተደረገ ምሕረት ነው?

ነገሩን ለመረዳት አንዱን ክፍል ብቻ ማየት ይበቃል። በአገራችን የሚሠሩት አሮጌ ካሚዮኖች የሚበዙት ማርሻቸው በእጅ የሚለወጥ ነው። ማርሹን በራሱ የሚለውጠው፥ አውቶማቲክ የሚባለው ካምቢዮ ግን፥ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው በዘይት አማካይነት ስለ ሆነ ዘይቱ እጅግ ይግላል። በደኅናው ጊዜ ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ120 ሲያልፍ ዘይቱ እየተቃጠለ ይጠቁራል፥ ካምቢዮውም ይበላሻል። ይህ እንዳይሆን ሁለት ቧንቧዎች ተሠርተውለታል፤ አንዲቱ የጋለውን ዘይት በራዲያተሩ ዘንድ ወዳለው ማቀዝቀዣ ትወስዳለች፥ ሁለተኛይቱ የበረደውን ትመልሳለች። ዘመን ሲረዝም ብረቱ ይዝጋል፥ ወይም ከሻንሲው ጋር እየተፋተገ ይሳሳል፤ የጎማው መጋጠሚያም በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ እንደ ላብ ያለ እርጥበት ይታይና አቧራ ይይዛል፤ ኋላ ይንጠባጠባል፤ በመጨረሻም ይፈናጠራል።

ትክክለኛው ጥገና ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠጋኙ ከራዲያተሩ ያለውን መጋጠሚያ በአንድ ቁልፍ ይዞ ዳዶውን በሌላ ቁልፍ ይፈታል፤ በአንድ እጅ እፈታለሁ ያለ እንደ ሆነ የራዲያተሩን አንገት ይጠመዝዘዋል፥ አንዱን ሊያድን ሁለቱን ያጠፋል። ሁለቱ ቧንቧዎች በአንድ ዘመን ያረጁ ናቸውና አብረው ይለወጣሉ። ማቀዝቀዣው ከዝቃጩ ይታጠባል፤ አዲሶቹም ከሻንሲው ጋር እንዳይፋተጉ ሆነው ይታሰራሉ። የጎደለው ዘይት ተሞልቶ፥ መኪናው በሜዳ ላይ ሞተሩ እየሠራ ልኩ ይታያል። ሌላው መንገድ ግን አጭር ነው፤ የበሰበሰውን ቆርጦ የጎማ ቱቦ አግብቶ ማሰር ነው። ቱቦው ለጋለ ዘይት የተሠራ ካልሆነ፥ የውኃ ወይም የቤንዚን ቱቦ ከሆነ፥ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ አንድ ቀንም ይወልቃል። ከላይ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ሥራዎች አንድ ናቸው።

ይሁን እንጂ በጠጋኙ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው የገበያውን ሁኔታ አላየም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ከበደ። አሮጌው ካሚዮን ዛሬም የሚሠራው ባለቤቱ ስለ ወደደው ሳይሆን የሚተካው ስለ ጠፋ ነው። የዶዮገናው ገበሬ ድንች፥ የሐደሮው ዝንጅብል በዚያው ይጫናል። «ሁሉን ለውጥ፥ አለዚያ አቁመው» የሚል ሰው በሌላው ኪስ የሚጸድቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ ማሰሩ አይደለም፤ የታሰረውን «ታድሷል» ብሎ የማደሻ ዋጋ መቀበሉ ነው። ማሰሪያ ማሰሪያ ተብሎ ከተነገረ፥ ለስንት ቀንና ለምን ዓይነት መንገድ እንደሚያገለግልም ከተወሰነለት፥ ሐሰት የለበትም። ዳሩ ግን እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይከተላል፤ ቱቦው ቢወልቅ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? በሜዳ ላይ ቢሆን መኪናው ይቆማል፥ ካምቢዮው ይቃጠላል፤ ይህ የባለቤቱ ኪሳራ ነው፥ በገዛ ገንዘቡም ሊደፍር ይችላል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለችው ከሆሳዕና ተጭኖ ወደ ሐላባ ቆላ ሲወርድ ግን፥ ዘይቱ ሲያልቅ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ይተዋል፤ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፥ ፍሬኑም ሲግል ኃይሉን ያጣል። በጋለው የጢስ መውጫ ላይ የተፈናጠረ ዘይትም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በመንገዱ ዳር ከብት የሚነዱ ሕፃናትና ቆጮ ተሸክመው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አሉ፤ ባለቤቱ «እሺ» ቢል ስለ ኪሱ ነው እንጂ ስለ እነርሱ ነፍስ አይደለም።

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ የተሠራው ሕግ ይህን አስቀድሞ ለይቶታል። በሬው ተዋጊ መሆኑ ሳይታወቅ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን የደሙ ዕዳ በእርሱ ላይ ነው። በሬው ያው አንዱ በሬ ነው፤ ፍርዱን የለወጠው ማወቅ ነው። ጠጋኙም ከመኪናው ሥር ተኝቶ ቧንቧዋን ባየባት ሰዓት የበሬውን ነገር ያወቀ ሰው ሆኗል። ቢደብቅ ባለቤቱ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፥ ዕዳው ከጠጋኙ ጋር ይቀራል። ነግሮት ባለቤቱ «ግድ የለም፥ እሰረው» ቢለውስ? ጲላጦስም ውኃ አስመጥቶ እጁን ታጥቧል፤ ፍርዱ ግን ከእርሱ አፍ ነው የወጣው። ስለዚህ ባዶውን ቀስ ብሎ በሜዳ መንገድ ወደ ቤቱ እንዲደርስ ማሰር ይገባዋል፤ ተጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ግን እጁን መሰብሰብ አለበት። «ጎረቤቴ ያስርለታል» ማለቱ እውነት ነው፤ ዋጋውም ለጎረቤቱ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የሾፌሩ ነገር ነው። ባለቤቱና ጠጋኙ በዋጋ ሲከራከሩ እርሱ ብዙ ጊዜ በውጭ ቆሞ ጭነት ይጠብቃል፤ የታሰረችውን ቧንቧ የሚነግረው የለም። ሆኖም ቁልቁለቱን የሚወርደው እርሱና ረዳቱ ናቸው፤ ጥዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ በመሬቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ መኖሩን ሊያይ የሚችለውም እርሱ ነው፥ ምን እንደሚፈልግ ከተነገረው።