ሰማይ ቤት ስንት በር አለው?

ሰው ሰማይን ሲሥል የሚነሣው ከሚያውቀው ነገር ነው፤ ሌላ ከየት ያመጣል? ጣሊያን ውስጥ ራቬና አጠገብ እ.ኤ.አ. በ549 በተመረቀው የክላሴው የቅዱስ አፖሊናሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመሠዊያው በላይ በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር የተለቀመው ገነት አረንጓዴ መስክ ነው። ዛፍ፣ አበባ፣ የተሰለፉ ነጫጭ በጎች። የእረኛ ሰማይ። ሮም ላይ ደግሞ ከ817 እስከ 824 ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቀዳማዊ ፓስካል ባሠራው የቅድስት ፕራሴዴ ቤተ ክርስቲያን ሰማይ ከተማ ሆኗል። የወርቅ ቅጥር፣ ዕንቁ፣ ወደ በሩ የሚመጣ ሕዝብ።

የእኛው የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ወርቅም ቅጥርም የለውም። ፊት ብቻ! ክንፍ ያላቸው ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸው። የወርቁን ሰማይ እኛ እናየዋለን፤ የጎንደሩ ግን እኛን ያየናል። ለእኔ ይሄኛው ይከብደኛል።

ወርቁን መናቄ አይደለም። የራበው ሰው ሰማይን በድግስ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ጣጣው የጠገበው ሰው ወርቁን ሲያስብ ነው። ምጽዋቱ ንግድ ይመስላል፤ እዚህ አንድ ብር፣ እዚያ የወርቅ አደባባይ። እንዲህ ያለ ወለድ የትኛው ባንክ ይከፍላል?

የወርቁ ከተማ ምንጭ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ነው። 12 በር አላት፣ እያንዳንዱ ከአንድ ዕንቁ የተሠራ። ዕንቁውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቁጥር 25 ላይ በሮቿ እንደማይዘጉ መጻፉን ግን ዘለል እናደርገዋለን።

እስቲ በዚህ ዓይን አትላስን እንያት። እብነ በረዱ አለ፣ የሚያብረቀርቀው መስታወት አለ፣ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስለው መብራት አለ። የቀረው በሩ ነው። ብረት፣ ከላይ ሽቦ፣ ከውስጥ ውሻ።

መቼም «ሌባውንስ ምን እናድርገው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ራእዩም በሩ የማይዘጋው ሌሊት ስለሌለ ነው ይላል፤ እኛ ሌሊት አለብን። ቀኑንስ ለምን ዘጋነው?

አባቶቻችን ነዌ ብለው ስም ያወጡለት ባለጠጋ አልዓዛርን መታው ወይም ሰደበው የሚል ወንጌሉ ላይ የለም። ድሃው በደጁ መውደቁ ነው የተነገረው። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ደጅ ብቻ ነበር፤ በኋላ በመካከላቸው ገደል ሆነ።

ወር በገባ በ27 ቦሌ መድኃኔዓለም አጥር ሥር ለተደረደሩት ነዳያን ሳንቲም ይዘረጋል፣ ዳቦ ይታደላል። ደግ ነገር ነው። በ28 ከነሱ አንዱ የአንዱን ግቢ በር ቢያንኳኳ፣ ዘበኛው በቀዳዳዋ አጮልቆ «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል። ዘበኛው ራሱ የሚያድረው እዚያው በሩ ሥር፣ የቆርቆሮ ጎጆው ውስጥ ነው።