የማይጮኽ ደመወዝ

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽ ያስተምረናል። እነዚያ አጫጆች የቀረባቸውን ያውቁ ነበር። የተወሰደበትን የማያውቅ ሠራተኛ ግን እንዴት አድርጎ ይጮኻል?

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቤ የተባሉት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ሠራተኛ «ወደ እኔ ና» ብሎ እንዳይጠራ በምሥጢር ተስማምተው ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከሰሳቸው፤ 64,000 ያህል ሠራተኞችን በሚመለከት በሌላ ክስም 415 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙና በ2015 ፍርድ ቤቱ አጸደቀው።

አሠሪው «የተዋዋልሁትን ሳላጎድል ከፍያለሁ፤ ምን በደልሁ?» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ውል ውል የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች በፈቃዳቸው ሲዋዋሉ ነው። ሌላው በር በስውር ከተዘጋበት በኋላ ሠራተኛው የሰጠውን እሺታ ፈቃድ ልንለው አንችልም። የእነዚያ ሠራተኞች ደመወዝ በእኛ አገር ሰው ዓይን እጅግ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ስርቆት በተሰራቂው ድህነት አይመዘንም።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ምክር የገባ አሠሪ ለንስሐ ቢመጣ፣ ጾምና ስግደት ብቻ አዝዘን አንሰደውም፤ አስቀድሞ የሠራተኞቹን ስምና የቀረባቸውን ገንዘብ ቈጥሮ እንዲያመጣ እንጠይቀዋለን።