ሽማግሌም ይመረጣል

ልጄ፣ ከባልንጀራህ ጋር በሽርክና ስለከፈታችሁት የእንጨት ሥራ ቤት የጻፍክልኝ ደርሶኛል። ድርሻህን እንደከለከለህ፣ መሰንጠቂያ ማሽኑን ወደ ሌላ ቤት እንዳዛወረው፣ ስልክ ብትደውልለትም እንደማያነሣ ነገርከኝ። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ ልክሰሰው ወይ?» ብለሃል። አትክሰስ አልልህም። መክሰስ መብትህ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንም ሰው ሰጥቷል። ግን ኪስህን ዳብሰህ፣ ጊዜህን ቆጥረህ ተነሣ። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ሙግት ገንዘብ የሚበላው በየት በየት እንደሆነ ልንገርህ። ክስ ስትከፍት በምትጠይቀው ገንዘብ ልክ የሚሰላ የዳኝነት ክፍያ አለ። ጠበቃ ካቆምክ የጠበቃው አበል ይከተላል። ምስክር የሚሆንህ ሠራተኛ ያን ቀን ሥራ ፈትቶ ነው የሚመጣልህ፤ ትራንስፖርቱንም ምሳውንም አንተ ነህ የምትችለው። ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። ብትረታ ይግባኝ አለ፣ ከይግባኝ ወዲያ ደግሞ ሰበር። ይህን ሁሉ አልፈህም ገንዘቡ እጅህ አይገባም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታለህ። ያኔ ባልንጀራህ በስሙ የተመዘገበ ነገር ከሌለው ፍርዱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንብሃል።

የእኛ ሰው ድሮም ሙግት ይወዳል። ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲፋጠጡ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር አሉ። የንግግር ችሎታው ያስቀናል፤ በሙግት የከሰረው ቤት ግን አይቆጠርም። በጃንሆይ ዘመን አጥቢያ ዳኛ ሲሾም የመጀመሪያ ሥራው ማስታረቅ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

ስለዚህ ሽምግልና ሞክር። ነገር ግን ሽምግልና ርካሽ የሚሆነው በሥርዓት ሲያዝ ብቻ ነው፤ በዘፈቀደ የተያዘ ሽምግልና ከሙግት ይልቅ ያከስራል። ምክንያቱን ላስረዳህ። ወሎ አበጋሮቹን፣ ጉራጌ የጆካ ሸንጎውን፣ ኦሮሞ ጃርሳ ቢያውን ያከበረው ሽማግሌዎቹ ብልህ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ባለጉዳዮች የትም ስለማይሄዱ ነው። የሽማግሌ ቃል ያፈረሰ ሰው ነገ ልጁን ማን ይድርለታል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል? ሽማግሌው ወታደር ሳይኖረው የሚፈራው በዚህ ነበር። አዲስ አበባ ግን ባልንጀራህ ከጉለሌ ተነሥቶ አቃቂ ቤት ቢከራይ የሚታዘበው ጎረቤት የለም። በገጠር ማኅበረሰቡ የሚሠራውን ሥራ በከተማ ወረቀት መሥራት አለበት። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ሰዎቹን ምረጥ። ሰው ሁሉ ሽማግሌ ፍለጋ ሲወጣ የሚሄደው ወደ ራሱ ዘመድ ነው፤ አጎቱን፣ የንስሐ አባቱን፣ የእድሩን ዳኛ ይዞ ይመጣል። ያኛውም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ ሽምግልናው ቀርቶ የሁለት ጎራ ፍጥጫ ይሆናል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል። አንተ የምትፈልገው ባልንጀራህ የሚያፍረውን ሰው ነው። ሙያውን ያስተማረው አናጢ አለ? ሁለታችሁም የምትጥሉበት እቁብ ሰብሳቢ አለ? እሱን አስቀድም። አንድ አንተ፣ አንድ እሱ ምረጡ፤ ሦስተኛውን ሁለቱ ተመራጮች ይምረጡት። ከሦስቱ አንዱ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ይሁን። ማሽኑ ዛሬ ስንት ያወጣል፣ ጣውላው ሲገዛ ስንት ነበር፣ ስንት አልጋ ተሠርቶ ተሸጠ የሚለው በቅን ልብ ብቻ አይደረስበትም። ካህንም ይሁን ሼህ ቅንነቱን አከብራለሁ፤ ሒሳብ ላይ ግን ባለሙያ ይቀመጥ።

ሴትም አስቀምጡ። ይህን ስል የሚያጉረመርሙ እኩዮች አሉኝ። ግን የእቁብና የእድር ሒሳብ ዓመታት ይዘው አንዲት ሳንቲም ያላጎደሉ እናቶች በየሰፈሩ እያሉ፣ የገንዘብ ጠብ በተነሣ ቁጥር ጋቢ የለበሰ ወንድ ብቻ መደርደር ምን የሚሉት ልማድ ነው?

ስለ ክፍያም ትጠይቀኝ ይሆናል። የአገር ሽማግሌ ዋጋ አይጠይቅም። ቡና ይጠጣል፣ ዕርቅ ሲወርድ እንጀራ ይቆርሳል፣ አለቀ። «ካስታረቅሁህ ከመቶ ይህን ያህል» የሚልህ ሰው ደላላ ነው፤ አመስግነህ ሸኘው።

ተቀምጣችሁ ስትነጋገሩ የምታፍርበትን ነገር አትደብቅ። ከካዝና ያለ ደረሰኝ ያወጣኸው ገንዘብ ካለ ራስህ ቀድመህ ተናገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የባንክ ስሊፕ፣ የቴሌብር መልእክት፣ የጣውላ መግዣ ደረሰኝ፣ ማሽኑ የተገዛበት ወረቀት፣ ሁሉንም በቀን በቀኑ ደርድረህ ይዘህ ቅረብ። የጎደለብህን ደግሞ በቁጥር ተናገር። «በደለኝ» ብቻ ብትል ሽማግሌው አዝኖልህ ይሄዳል እንጂ የሚቆርጥልህ ነገር የለውም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «በሽማግሌ ፊት ተነጋግረን የለ፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ታገኛለህ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል በለው። ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ ቁጥር፣ ማሽኑ ማን ጋ ይቀመጣል፣ አንድ ክፍያ ቢያልፍ ምን ይከተላል፤ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ሁለታችሁ ፈርሙ፣ ከሁለት ያላነሱ ምስክሮችም ይፈርሙበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ ከሚደረግ ውል የሚጠብቀው ይህን ነው። ነገሩ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚነካ ከሆነ በዚህ አያበቃም፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ መመዝገብ አለበት።

የዚህ ወረቀት ጉልበት ቀላል አይምሰልህ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3312 በተዋዋዮቹ መካከል የተደረገን የዕርቅ ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያየዋል። ደስ የሚለውም የሚያስፈራውም ይኸው ነው። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ፈርመህ በማግሥቱ ሌላ ጉድለት ብታገኝ ማን ይሰማሃል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በዚህ ወረቀት ግን የሚፈታው ያንተው መብት ነው። ከመፈረምህ በፊት አንድ ሌሊት ይደርበት። ሽማግሌዎቹ ቢቆጡም ይቆጡ።

ይሉኝታ የሚባል ነገርም አለብን። ሽማግሌው ሲንበረከክ፣ አዛውንቷ «ስለ እመብርሃን» ሲሉ፣ አንገት የሚደፋ ሰው ሁሉ ተስማምቶ አይደለም። ብዙ ዕርቅ ላይ ተቀምጫለሁ። «እሺ» የሚለው ሁልጊዜ ደካማው ወገን መሆኑን ካየሁ ወዲህ፣ ማልቀስ ሲጀመር ስብሰባው ለሌላ ቀን እንዲዞር እጠይቃለሁ። የገንዘብ ነገር በእንባ መሀል አይቆረጥም።

ጊዜውንም ልብ በል። ሽማግሌ ፊት ናችሁ ብሎ ይርጋ አይቆምም። ያንተ ጉዳይ የውል ነውና መደበኛው ጊዜ አሥር ዓመት ነው፤ ፋታ አለህ። እህትህ ግን ከሥራ ተባርራ አሠሪዋን በአማላጅ እየለመነች መሆኑን ሰምቻለሁ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከተሰናበተች በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ በስድስት ወር። አማላጁ «ለበዓሉ ይመልሱሻል፣ ለፆም ፍቺ ይመልሱሻል» እያለ ሦስቱ ወር ካለፈ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቤቷ በመኪና የተመታባት ጎረቤታችሁም እንደዚሁ፤ ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቂያው ሁለት ዓመት ነው። ባለዕዳው ማመኑን በጽሑፍ ከሰጠ ግን የይርጋው ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ሽምግልናው ቢረዝምም ቢያንስ «ይህን ያህል አለብኝ» የምትል አንዲት መስመር አስፈርም።

ሽማግሌ የማይገባበትም አለ። ፍቺን ሽማግሌ ያለዝባል እንጂ አያጸድቅም፤ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል። የግልግልና የዕርቅ አዋጁ ቁጥር 1237/2013ም የመሬትን፣ የግብርን፣ የወንጀልን ጉዳይ ለግልግል ዳኞች አይሰጥም። የተደፈረችን ልጅ ቤተሰብ በጥሎሽና በካሣ «ለማስታረቅ» የሚሰበሰቡ ሰዎችን ሽማግሌ ብዬ አልጠራቸውም። ጠላፊ ስላገባት ብቻ ከቅጣት የሚያመልጥበት የድሮው በር በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ተዘግቷል። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ጉዳይም በቡና አያልቅም፤ መጀመሪያ ፖሊስ ነው። በሃይማኖትና በባህል ዳኝነትም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አልፈልግም ያለችን ሴት «የሰፈር ወግ ነው» ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም።

ሽማግሌዎቹ ቢያቅታቸውስ? ያኔም ወዲያው ውድ ጠበቃ ቤት አትሩጥ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአዲስ አበባው፣ የባሕር ዳሩ፣ የሐዋሳው፣ የጅማው፣ የሐረማያው፣ አቅም ለሌለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻ ይጽፉልሃል፣ ያማክሩሃል። ለእህትህ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ጠበቆችም ለድሃ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የማገልገል ግዴታ አለባቸው፤ አብዛኛው ሰው ስለማያውቅ አይጠይቃቸውም። ክፍያው ካቃተህ በድህነት ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድም ይቻላል።

ከሰስክም እንኳ የዕርቁ በር አይዘጋም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን አምጥቷል፤ ጉዳዩ ወደ ሙግት ከመግባቱ በፊት በፍርድ ቤቱ ውስጥ ያሉ አስማሚዎች ያነጋግሯችኋል። ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ቤተሰብህ ባለበት በኦሮሚያም ከ2013 ወዲህ የባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተቋቁመዋል። የንግድ ምክር ቤቱ የግልግል ተቋም ግን ለትልልቅ ነጋዴ ነው፤ ላንተ የጣውላ ሒሳብ አይሆንም።

እንግዲህ ደብዳቤ ለባልንጀራህ ጻፍ፤ ስድብ የሌለበት፣ የምትጠይቀው ገንዘብ በቁጥር ያለበት፣ ቀን የተጻፈበት ይሁን። ኮፒውን አስቀር። ከሰንበት በፊት ደግሞ የሁለት ሰዎች ስም ላክልኝ፤ አንዱ እሱን ከአንተ ይልቅ የሚወደው ይሁን።